ባህር ዛፍና ማንጎ በእድራችን ግቢ



በእድራችን ግቢ በአጥሩ ዳር የቆሙት ባህር ዛፎች ይነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ክርክር ለጠቅላላ ጉባኤ ሊቀርብ ነው። ከዚያ በፊት ስለዚህ ዛፍ ታሪክ ጥቂት ብናነሳ ይጠቅማል ብለን ይህችን ጽፈናል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዙሪያዋ ደን ነበረው። ከተማው እያደገ ሲሄድ ለማገዶም ለቤት ሥራም ተጨፈጨፈ። እንጨት በመጥፋቱ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እንደነበር ይታወቃል። አሳቡን ካስተዉ ነገሮች አንዱ ባህር ዛፍ ነው። ትውልዱ አውስትራሊያ ሲሆን፣ በ1887 ዓ.ም. ግድም ያስገባው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ከባህር ማዶ ስለመጣም ነው ስሙ እንዲህ የሆነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቢቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከብትም አይበላው። ታዲያ ሰው ምን ይፈልጋል? ሁሉም በየግቢው ተከለው።

ብዙም ሳይቆይ ግን ምንጭና ጉድጓድ አደረቀብን የሚል አቤቱታ መጣ። በ1905 ዓ.ም. ከባህር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና በምትኩ ቅጠሉን የሐር ትል የሚበላው ዛፍ እንዲተከል መንግሥት አዘዘ። ትእዛዙ በአብዛኛው ሳይፈጸም ቀረ። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ይህ አይገርመንም። ሐር ወጥ አያበስልም፣ ለቤት ማገርም አይሆን! ሰዉ የሚያነደውን ትቶ የማያነደውን ይትከል ማለት ነበር።

ወደ እኛ ወደ ጋሞ ስንመጣ፣ በደጋው በጨንቻና በዶርዜ ቤቱ ቀርከሃ፣ ምግቡ እንሰት ነበር። አሁን ባህር ዛፉ እስከ እንሰቱ ጓሮ ድረስ ገብቷል። ግንዱ ስለሚሸጥ ገበሬው ላይ አይፈረድም። ጎረቤት ከጎረቤት በወሰን ዛፍ ሲጣላ ግን ነገሩ ለሽማግሌ ይደርሳል፤ ጋሞ ደግሞ ዱቡሻ ተቀምጦ መነጋገር ያውቅበታል። በቆላው በእኛ በአርባ ምንጭ ነገሩ ይለያል። ከተማችን በ1950ዎቹ ከጨንቻ ተረክባ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ስትሆን ስሟን ያገኘችው ከሥሯ ካለው ደን ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። የምንጠጣውም ውሃ ከዚያው ነው። ውሃ የሚያስብ ሰው ስለ ዛፍም ማሰብ አለበት።

እንግዲህ ወደ ግቢያችን። በአጥሩ በኩል ያሉት ሁለት ማንጎዎች ከባህር ዛፉ ጎን ያለው ቅርንጫፋቸው ሳስቷል፣ ፍሬውም ትንንሽ ነው። መሐል ግቢ ያለው ማንጎ ግን ያው እንደምታዩት ነው። ከባህር ዛፉ ሥር ሣር እንኳ አይበቅልም። ይቆይ የሚሉት አባላትም ወደው አይደለም የሚከራከሩት፤ የድንኳኑ እንጨት ከዚያ ነው፣ ለቅሶ ቤት ወጥ የሚሠራበት ማገዶም ከዚያ ነው። እድሩ ማገዶ ከገበያ ልግዛ ቢል መዋጮ ይጨምራል፣ ጡረተኛውና ባሏ የሞተባት ደግሞ ያለውን መዋጮ እንኳ በመከራ ነው የሚከፍሉት።

ስለዚህ እኛ የምንለው ሁሉም ይነቀል አይደለም። በማንጎዎቹ አጠገብ ያሉት ይነሱ፣ በበሩ በኩል ያሉት ለማገዶ ይቆዩ። የሚነሱት ግንዶች ደህናዎቹ ተመርጠው ለድንኳን ይቀመጡ፣ የቀረው ተሽጦ ገንዘቡ በደረሰኝ ለገንዘብ ያዡ ይግባ። መቁረጥ ብቻውን ግን ማንሳት አይደለም፤ ጉቶው ካልተቆፈረ በሁለተኛው ክረምት አንዱ ግንድ አራት ሆኖ ይመጣል። ጉቶ መቆፈር ደግሞ የሽማግሌ ሥራ አይደለምና፣ በጉባኤው ቀን እጅ የሚያወጡት ወጣቶች ዶማ ለመያዝም ስማቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግቡ።