የጊዜና የውጤት ሰሌዳ፤ የበረዶ ሆኪ መቆጣጠሪያ ታሪክና የአማርኛ ስያሜዎቹ

1. መግቢያ

አንድ የሙያ ቃል ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ብለን እንጥራው?» የሚል ነው። ከዚህ አስቀድሞ ግን «ነገሩ ምንድን ነው? ምን ይሠራል? እንዴትስ እዚህ ደረሰ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። የዕቃው ታሪክ ሳይመረመር የወጣ ስም ብዙ ጊዜ የሚገልጸው ስም አውጪው ቀድሞ የሚያውቀውን ሌላ ዕቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንን ሐሳብ በአንድ ጠባብ ምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን፤ ምሳሌያችንም በበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ጊዜንና ውጤትን የሚያሳየው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና መቆጣጠሪያው ነው።

የበረዶ ሆኪ በአገራችን የሚዘወተር ጨዋታ አይደለም። ይሁን እንጂ ቶሮንቶን በመሳሰሉ፣ ሆኪ የዕለት ተዕለት ወሬ በሆነባቸው ከተሞች ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ። ከዚህም ሌላ የአማርኛ የስፖርት ቃላት በአብዛኛው በእግር ኳስ ዙሪያ ያደጉ ስለ ሆኑ፣ የጊዜ አያያዙ ከእግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ሲያጋጥም የቃላቱ አቅምና ጉድለት በግልጽ ይታያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

2. ከሁለት አጋማሽ ወደ ሦስት ክፍለ ጊዜ

በጣሪያ ሥር በተደራጀ ሁኔታ የተካሄደ የመጀመሪያው የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ተብሎ የሚታወቀው ማርች 3 ቀን 1875 በሞንትሪያል፣ ቪክቶሪያ በተባለው የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ የተደረገው ነው። በእያንዳንዱ ወገን ዘጠኝ ተጫዋቾች ተሰልፈው የጄምስ ክሬይተን ቡድን 2 ለ 1 አሸነፈ። ውጤቱ ይህን ያህል ሲሆን ተመልካቹ በቃሉ ሊይዘው ይችላል፤ ሰሌዳ የግድ አያስፈልግም።

የጊዜ አከፋፈሉ ግን ባለበት አልቆየም። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ በሆኑ ሁለት አጋማሾች ይካሄድ ነበር፤ በ1910–11 የውድድር ዘመን በካናዳ የነበረው ብሔራዊ የሆኪ ማኅበር ይህንን በመለወጥ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜዎችን ደነገገ። በኖቬምበር 1917 የተመሠረተው ብሔራዊ የሆኪ ሊግም ይህንኑ አከፋፈል ወረሰ። ፊሽካ ሲነፋ ሰዓቱ ይቆማል፤ ጨዋታው ሲቀጥል ሰዓቱም ይቀጥላል። ስለዚህ 20 ደቂቃ ማለት ፓክ የተባለችው ጠፍጣፋ የጎማ ክብ በጨዋታ ላይ የዋለችበት 20 ደቂቃ ብቻ ነው።

ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሰፋፊ አዳራሾች ተሠሩ፤ የቦስተን ጋርደን በ1928፣ የቺካጎ ስታዲየም በ1929፣ የቶሮንቶው ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ በ1931 ተከፈቱ። ተመልካቹ በአራቱም ማእዘን ስለሚቀመጥ፣ ባለ አራት ገጽ ሰዓት ከበረዶው መካከል በላይ መስቀል የተለመደ ሆነ። በዚያን ዘመን የነበሩት ሰዓቶች በአብዛኛው ቆጣሪ እጅ ያላቸው ናቸው። ቆጣሪ እጅ ደቂቃን ከሩቅ ለማሳየት ይበቃል፤ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ግን የእጁን ትክክለኛ ቦታ ከከፍተኛው መቀመጫ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። በቁጥር የሚጽፍ ሰሌዳ የተፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3. ቅጣት በጊዜ ሲለካ

የሆኪን ሰሌዳ ከሌሎች ስፖርቶች ሰሌዳ የሚለየው ዋናው ነገር ቅጣት ነው። በእግር ኳስ ቅጣት በአመዛኙ ምት ነው፤ ይመታል፣ ያልቃል። በሆኪ ግን ቅጣት የተወሰነ ዕድሜ ያለው ነገር ነው። ቀላል ጥፋት የፈጸመ ተጫዋች 2 ደቂቃ፣ ከባድ ጥፋት የፈጸመ 5 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ በቅጣት ሣጥን ይቀመጣል፤ ቡድኑም በዚያ ጊዜ ሁሉ በቁጥር አንሶ ይጫወታል። ስለዚህ ሰሌዳው ከዋናው ሰዓት ሌላ የእያንዳንዱን ቅጣት ቀሪ ጊዜ ማሳየት ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ ትልቅ ለውጥ ያስከተለው ኖቬምበር 5 ቀን 1955 የሆነው ነው። የሞንትሪያል ካናዲያንስ ከቦስተን ጋር ሲጫወት ዣን ቤሊቮ ቡድኑ የቁጥር ብልጫ በነበረው ሰዓት በ44 ሴኮንድ ውስጥ ሦስት ግቦች አገባ። በጊዜው ደንብ የተቀጣ ተጫዋች ስንት ግብ ቢገባም 2 ደቂቃውን መፈጸም ነበረበት። ሞንትሪያል በቁጥር ብልጫ ያሳየው ኃይል የሊጉን ባለሥልጣኖች ስላሳሰበ ከ1956–57 ውድድር ጀምሮ ደንቡ ተለወጠ፤ የቁጥር ብልጫ ያለው ቡድን ግብ ካገባ የባለ 2 ደቂቃው ቅጣት እንዲያበቃ ተደነገገ። የ5 ደቂቃው ቅጣት ግን ግብ ቢገባም አይሰረዝም።

ይህ የደንብ ለውጥ የሰዓት ያዡን ሥራ ከቆጠራ ወደ ፍርድ አቀረበው። ከዚያ በኋላ ግብ በገባ ቁጥር «በየትኛው ቅጣት ላይ ገባ? ይሰረዛል ወይስ ይቀጥላል?» ብሎ መለየት ግዴታ ሆነ።

4. ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ

በቁጥር የሚጽፈው ሰሌዳ የተመሠረተበት ዘዴ ቀላል ነው። ሰባት አጫጭር መስመሮች በ«8» ቅርጽ ይደረደራሉ፤ ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት ሲበሩ ከ0 እስከ 9 ያለው ማንኛውም አኀዝ ይወጣል። መስመሮቹ ቀድሞ በአምፑል ይሠሩ ነበር። በ1962 ኒክ ሆሎንያክ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ከሠራ በኋላ ይህ ዓይነቱ መብራት ቀስ በቀስ ዳብሮ አምፑሉን ተካ። ደማቅ ሰማያዊ ዳዮድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲገኝ ደግሞ ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕል የሚያሳዩ ሰሌዳዎችን መሥራት ተቻለ።

በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚጠቀሱት ድርጅቶች አንዱ ዳክትሮኒክስ ነው። በ1968 በደቡብ ዳኮታ፣ ብሩኪንግስ ከተማ ያቋቋሙት ኤልረድ ከርተንባክና ዱዌን ሳንደር የተባሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህራን ናቸው። የመጀመሪያ ምርታቸው የስፖርት ዕቃ አልነበረም፤ የዩታ ክፍለ ሀገር ሕግ አውጪዎች የሚሰጡትን ድምፅ የሚቆጥርና የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። ድርጅቱ በ1980 በሌክ ፕላሲድ ለተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሰሌዳዎችን አቀረበ። የድምፅ ቆጣሪና የግብ ማሳያ ከአንድ ሐሳብ መውጣታቸው ለስም አውጪ ትርጉም አለው፤ ሁለቱም የተፈጸመን ነገር በሕዝብ ፊት የሚመሰክሩ መሣሪያዎች ናቸውና።

5. የመቆጣጠሪያው አሠራር

መቆጣጠሪያው ቁልፎች የተደረደሩበት፣ የራሱ ትንሽ ማሳያ ያለው ሣጥን ነው። ትእዛዙ ወደ ሰሌዳው የሚደርሰው በሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሰዓት ያዡ በቅድሚያ ሰዓቱን 20:00፣ ክፍለ ጊዜውን 1፣ የሁለቱንም ወገን ግብ 0 ያደርጋል። ዳኛው ፓኳን በሁለት ተጫዋቾች መካከል ሲጥል ሰዓቱን ያስነሣል፤ ፊሽካ ሲሰማ ያቆማል። በሰሜን አሜሪካ ሰዓቱ የሚቆጥረው ወደ ታች ነው፤ የመጨረሻው ደቂቃ ሲገባም የሴኮንድን አንድ አሥረኛ ማሳየት ይጀምራል።

ግብ ሲጸድቅ በባለሜዳው ወይም በእንግዳው ወገን አንድ ይጨመራል። ቅጣት ሲታዘዝ የተጫዋቹ ቁጥርና የቅጣቱ ርዝመት ይመዘገባል። የቅጣቱ ሰዓት ከጨዋታው ሰዓት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ አንዱ ሲቆም ሌላውም ይቆማል። ከአንድ ቡድን በአንድ ጊዜ የሚቆጠሩት ቅጣቶች ከሁለት አይበልጡም፤ ሦስተኛው ከሁለቱ አንዱ እስኪያልቅ ተራውን ይጠብቃል። የ10 ደቂቃው የሥነ ሥርዐት ቅጣት በተቀጣው ፈንታ ሌላ ተጫዋች ስለሚገባበት ብዙውን ጊዜ በሰሌዳው ላይ አይታይም።

በትላልቅ ውድድሮች የጨዋታው ሰዓት ያዥ፣ የቅጣቱ ሰዓት ያዥና የውጤት መዝጋቢው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ በትናንሽ አዳራሾች ግን አንድ ሰው ሁሉንም ደርቦ መሥራቱ የተለመደ ነው። ከግቡ በስተኋላ ያሉት መብራቶችም ከሰዓቱ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ አረንጓዴው መብራት ይበራል፤ እርሱ በበራ ጊዜ ግብን የሚያበሥረው ቀዩ መብራት ሊበራ አይችልም።

6. የአንዲት ሴኮንድ ዋጋ

የዚህን ሥራ ክብደት ሁለት ምሳሌዎች ያስረዳሉ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1980 በሌክ ፕላሲድ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሲጋጠሙ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ላይ ማርክ ጆንሰን 1 ሴኮንድ ሲቀር ግብ አግብቶ 2 ለ 2 አደረገ። የሶቪየት ቡድን ወደ መልበሻ ክፍል ሄዶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያቺ አንዲት ሴኮንድ ልትጫወት ስለሚገባ ተጫዋቾች ተመልሰው ወደ በረዶው ወጡ። ግጥሚያው በአሜሪካ 4 ለ 3 አሸናፊነት ተፈጸመ።

ሁለተኛው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012 በሎስ አንጀለስ የሆነው ነው። ባለሜዳው ኪንግስ ከኮለምበስ ጋር ሲጫወት ሰዓቱ 1.8 ላይ ሲደርስ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጨዋታው ግን አልቆመም። 0.4 ሴኮንድ ሲቀር ድሩ ዳውቲ ግብ አገባና ኪንግስ 3 ለ 2 አሸነፈ። ስሕተቱ በኋላ ቢታወቅም ውጤቱ እንደ ጸና ቀረ። ሰሌዳው የሚጽፈው በሕግ ፊት እንደ ተፈጸመ የሚቆጠረውን ነገር ነው።

7. የአማርኛ ስያሜዎች

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ስያሜዎቹን አንድ በአንድ እንመለከታለን።

ሰሌዳ፦ ከግእዝ የወረስነው ይህ ቃል በ«ጥቁር ሰሌዳ» እና በመኪና «ሰሌዳ» ሕያው ሆኖ ስለሚኖር ማንም ይረዳዋል። «የነጥብ ሰሌዳ» ማለት ግን አይስማማም፤ በሆኪ ነጥብ ማለት ቡድን በደረጃ ሠንጠረዥ የሚያገኘው፣ ወይም ተጫዋች ካገባቸውና ለግብ ካመቻቻቸው ኳሶች የሚደመርለት ነው። ስለዚህ «የጊዜና የውጤት ሰሌዳ»፣ በአጭሩ «የውጤት ሰሌዳ» እንላለን።

ሰዓትና ጊዜ፦ በአማርኛ «ሰዓት» መሣሪያውንም፣ ስድሳ ደቂቃውንም፣ በጠቅላላው ጊዜንም ያመለክታል። በሙያ ጽሑፍ ውስጥ «ሰዓት» ለመሣሪያው፣ «ጊዜ» መሣሪያው ለሚለካው ነገር ቢወሰን አሻሚነቱ ይወገዳል።

የባከነ ሰዓት፦ ይህ የእግር ኳስ ሐረግ በተመልካች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። መሠረቱ ግን ሰዓቱ ሳይቆም ጨዋታው የሚቋረጥ መሆኑ ነው። በሆኪ ፊሽካ ሲነፋ ሰዓቱ ስለሚቆም የሚባክን ጊዜ የለም። ሐረጉን ወደ ሆኪ ብናሻግር ጀማሪው ሰዓት ያዥ «የባከነው በኋላ ይጨመራል» ብሎ ፊሽካውን ሊያሳልፈው ይችላል። ይህ በእኛ ግምት የተሳሳተ ስያሜ ወደ ተሳሳተ ሥራ የሚመራበት ዋናው ቦታ ነው።

ቀሪ ጊዜ፦ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት ለአማርኛ ባዕድ አይደለም። «ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ» ስንል የምንናገረው ያለፈውን ትተን የጎደለውን ነው። «ቀሪ ጊዜ» ከዚህ አነጋገር ጋር ይስማማል።

ክፍለ ጊዜ፦ «አጋማሽ» ሁለት ብቻ ስለሚያመለክት አይሆንም። «ሲሶ» አንድ ሦስተኛን በትክክል ይገልጻል፤ ነገር ግን የባላባትና የጭሰኛ የምርት ክፍያ ትዝታ ከመያዙም በላይ፣ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሲወጡ የሚመጣውን አራተኛ ክፍል «ሲሶ» ማለት አይቻልም። በትምህርት ቤት የሚታወቀው «ክፍለ ጊዜ» የተሻለ ነው።

የቅጣት ጊዜ፦ «የቅጣት ምት» በሆኪም ስላለ ለምቱ ብቻ መጠበቅ አለበት። በደቂቃ የሚለካው «የቅጣት ጊዜ»፣ የሚቆጥረው «የቅጣት ሰዓት» ይባል።

ፓክ፦ በገና ጨዋታ የምትመታው ሩር፣ መምቻውም ራሱ ገና ስለሚባል፣ ለሆኪም «ሩር» እንዲወሰድ ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ሁለቱ ጨዋታዎች በዱላ መመታታቸው ያቀራርባቸዋል። ሩር ግን ድቡልቡል ናት፤ ፓክ ወርዷ 7.62፣ ውፍረቷ 2.54 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ክብ ናት፤ የምትንሸራተተውም ጠፍጣፋ ስለ ሆነች ነው። ስለዚህ የውጭውን ቃል እንዳለ መቀበል ይሻላል። ሩርን ለገና እንተውለት።

ሰዓት ያዥ፦ «ኦፕሬተር» የሚለው ቃል በንግግር የተለመደ ቢሆንም ኃላፊነትን አይገልጽም። «ገንዘብ ያዥ» እና «መዝገብ ያዥ» በሚሉት አርአያ የተመሠረተው «ሰዓት ያዥ» ግን ግለሰቡ ለያዘው ነገር ተጠያቂ መሆኑን ያመለክታል። ከላይ እንዳየነው አንዲት ሴኮንድ ብትጎድል ወይም ብትተርፍ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

8. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ እንደ ተመለከትነው ለአብዛኛዎቹ ጽንሰ ሐሳቦች የሚሆን ቃል በአማርኛ ውስጥ አለ፤ የሚጎድለው ቃሉን ከለመደበት ጨዋታ ነጥሎ በአዲሱ ጨዋታ ሥርዐት መመዘን ነው። ከቀረቡት ስያሜዎች መካከል አከራካሪ የሚሆኑ እንደሚኖሩ እንገምታለን፤ በተለይ «ክፍለ ጊዜ» እና «ፓክ» ተጨማሪ ውይይት ይሻሉ። ጨዋታውን በቅርብ የሚያውቁ አማርኛ ተናጋሪዎች በአፋቸው የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ቢያካፍሉን፣ ስያሜዎቹን ከመወሰን በፊት ከእነዚያ ጋር ለማስተያየት ዝግጁዎች ነን።