ዳግም ያልታየው የገና ዝግጅት

ታኅሣሥ 16 ቀን 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1965) ቅዳሜ ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ የገና ዕለት። የአዲስ አበባው ቴሌቪዥን ጣቢያ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት ቢያልፈው ነው፤ እንግሊዞች ግን በዓልን በቴሌቪዥን ፊት ማሳለፍ ለምደዋል። በዚያ ምሽት ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው «ዶክተር ሁ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ተመለከተ። ያንን ክፍል ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። በድጋሚ አልተላለፈም፣ ለውጭ አገር አልተሸጠም፣ ምስሉም ዛሬ የትም አይገኝም።

ድራማውን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት። «ዶክተር» የሚባል ከሌላ ዓለም የመጣ ሽማግሌ፣ ከውጭ ስትታይ የፖሊስ የስልክ ሳጥን በምትመስል መንኮራኩር በጊዜና በጠፈር ይዞራል። ዊሊያም ሃርትኔል ነበር የሚጫወተው። አገሩን ሁሉ ያስደነገጡት ጠላቶቹ ደግሞ ዳሌኮች ናቸው፤ በብረት ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ፣ ርኅራኄ የሚባል ነገር ያልፈጠረባቸው ፍጡራን።

በ1965 መጨረሻ ላይ ቴሪ ኔሽንና ዴኒስ ስፑነር የጻፉት፣ 12 ክፍል ያለው ረጅም የዳሌኮች ታሪክ እየተላለፈ ነበር። ጨለማ የበዛበት ታሪክ ነው። በ4ኛው ክፍል ካታሪና የተባለችው የዶክተሩ ተጓዥ ትሞታለች። ከዋናው ገጸ ባሕርይ ጋር ከሚጓዙት አንዷ ስትሞት በድራማው ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ተመልካቹ ገና ሐዘኑን ሳይጨርስ ሌላ ሞት ይከተላል። ችግሩ ድራማው የሚታየው በየሳምንቱ ቅዳሜ መሆኑ ነው። 7ኛው ክፍል ልክ በገና ዕለት ላይ አረፈ። ቤተሰብ ተሰብስቦ በልቶ ጠጥቶ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ሕፃናት ባሉበት፣ ማን ስለ እልቂት ያወራል?

አዘጋጆቹ መላ ዘየዱ። ታሪኩን ለአንድ ሳምንት ገትተው ቀልድ አስገቡበት። ክፍሉን «የስቲቨን በዓል» አሉት። በቃል መጫወታቸው ነው፤ በምዕራባውያን ዘንድ የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል የሚውለው በገና ማግስት ሲሆን (በእኛ ጥር 1 እንደሚታሰበው ማለት ነው)፣ ከዶክተሩ ጋር የሚጓዘው ወጣትም ስሙ ስቲቨን ነበር። በዚያ ክፍል ዳሌክ የሚባል ዝር አላለም። መንኮራኩሯ መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ታርፋለች፤ ፖሊሶቹም ግራ ይጋባሉ። ከዚያ ድምፅ አልባ ፊልሞች በሚሠሩበት ዘመን ሆሊውድ ውስጥ ትገባለች፤ ሩጫ፣ መደናገር፣ የሚጮኹ ዳይሬክተሮች። በመጨረሻ ዶክተሩ ሻምፓኝ ይቀዳል። ብርጭቆውን አንሥቶ ፊቱን ወደ ካሜራው ያዞርና፣ በየቤታችሁ ላላችሁ ሁሉ መልካም ገና ይሁንላችሁ ብሎ ተመልካቹን በቀጥታ ይመርቃል።

እውነቱን ለመናገር፣ በጽሑፉና በድምፁ ለሚፈርድ ሰው ክፍሉ ድንቅ ሥራ አይደለም። ቀልዱ የተበታተነ ነው፤ ከፊሉም ዘመን አልፎበታል። ግን ሽማግሌው ከታሪኩ ወጥቶ ቤት ያለውን ሰው ያናገረባት ያቺ ቅጽበት ብዙ ክርክር አስነሥታለች። እንዲህ ዓይነት ነገር ድራማውን ያፈርሳል የሚል አለ። የበዓል ጨዋታ እንደ ድርሰት ሕግ ይለካ ማለት ግን ትንሽ መጨከን ነው።

አሁን ወደ መጥፋቱ እንምጣ። በዚያን ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር። ተቀርጾ ከታየ በኋላ ተደምስሶ ሌላ ይቀረጽበታል። ከተዋናዮች ጋር የሚደረገው ውልም ድጋሚ ማሳየትን ይገድባል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ የጥቁርና ነጭ ሥራ ገበያ ወረደ። ሰው ቤቱ ወስዶ የሚያየው ቪዲዮ ገና አልመጣም። ስለዚህ ቢቢሲን በዛሬ ዓይን ብቻ መኮነን አይገባም። ያም ሆኖ ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ድርጅቱ መደምሰሱን እስካቆመበት እስከ 1978 ድረስ በመቶ የሚቆጠሩ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ወድመዋል፤ ወደ 100 የሚጠጉት ዛሬም አልተገኙም።

ከጥፋት የዳኑት ብዙዎቹ የዳኑት በንግድ ነው። ለውጭ አገር ጣቢያዎች ሲሸጡ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ይገለበጡ ነበር፤ እነዚያ ፊልሞች በየአገሩ መጋዘን ተረሱ። ሙሉ አንድ ታሪክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሆንግ ኮንግ ተመለሰ። በ2013 ጠፍተው የነበሩ 9 ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ ከተማ ካለ ጣቢያ መገኘታቸው ተነገረ። ለንደን የጣለውን አፍሪካ አቧራ ውስጥ አቆይቶታል።

የገናው ክፍል ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ለውጭ ገበያ ሲታሰብ፣ የገና ምርቃት ያለበትን ነገር በመጋቢት ወይም በሐምሌ ማን ይገዛል ተባለና ከጥቅሉ ወጣ። ታሪኩ ለሽያጭ የቀረበው 11 ክፍል ሆኖ ነው። ከሌሎቹ ጥቂቶቹ ከዓመታት በኋላ ከያሉበት ተገኝተዋል። 7ኛው ግን የሚገኝበት ቦታ የለውም፤ ወደ የትም አልተላከማ። ለአንድ ቀን ተብሎ የተሠራ ነገር አንድ ቀን ብቻ ኖረ።

ታዲያ ድምፁ ከየት መጣ? ከቤት ነው። በዚያ ዘመን አንዳንድ ወጣት ተመልካቾች ቴፕ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጠው የሚወዱትን ድራማ ድምፅ ይቀርጹ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ደመወዝም የላቸውም። ምስሉን ማቆየት ስለማይችሉ የሚችሉትን አቆዩ። ዛሬ ከጠፉት ክፍሎች ውስጥ ድምፁ ያልተረፈ አንድም የለም። ትልቅ ድርጅት፣ መሐንዲስና መጋዘን ያለው፣ ያላስቀመጠውን የልጆች ማይክራፎን አስቀመጠው። ሃርትኔል «በየቤታችሁ ላላችሁ» ሲል ከሰሙት መካከል ቃሉን ለእኛ ያስተላለፉት እነሱ ናቸው።

ድራማው በ1989 ተቋርጦ በ2005 ሲመለስ ገና ትልቅ ቀኑ ሆነ። ከ2005 እስከ 2017 በየዓመቱ በገና ዕለት ልዩ ዝግጅት ታየ፤ የ2007ቱን ብቻ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቶታል። በ2017ቱ ደግሞ የመጀመሪያው ዶክተር በሌላ ተዋናይ በዴቪድ ብራድሊ ተመስሎ ተመለሰ። እነዚህ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ የፈለገ ሰው በሐምሌም ቢሆን ከፍቶ ያያቸዋል።

የ1965ቱን በተመለከተ፣ ቢቢሲ በ2001 የታሪኩን ድምፅ በሲዲ አሳተመ። የተሠራው ከእነዚያ የቤት ቅጂዎች ነው። ምስል ስለሌለ፣ በዝምታው መካከል ምን እየሆነ እንደነበር የሚነግር ተራኪ አስፈለገ። ለዚህም የተጠራው ስቲቨንን የተጫወተው ፒተር ፐርቭስ ነበር።