ጡብ፣ በረንዳና ሐዲድ፦ የከዚራ ቀደምት ቤቶች አሠራርና የጥበቃ ጥያቄ

መነሻ

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ውጥን ሐረርን የሚነካ ነበር፤ ተራራውን መውጣት እጅግ ከባድና ውድ ስለነበር ግን ጣቢያው ከግርጌው ተተከለ። አዲሱ ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሏል። ይህ መጣጥፍ የድሬዳዋ ሰፈር የሆነችው የከዚራ ቀደምት የድንጋይና የጡብ ቤቶች ቅርስነት ያለው ከፊታቸው ውበት ይልቅ ሙቀትን በሚቋቋመው የተቀናጀ አሠራራቸው ላይ ነው ይላል።

ሐዲዱና የግንባታ ዕቃው

ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያ በገንዘብ ችግር በመውደቁ የሐዲዱ ሥራ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ የመስመሩ ጫፍ ሆና በቆየችበት ጊዜ ቆርቆሮና ብረት በባቡር እደጇ ይራገፍላት ነበር፤ ወደ መሀል አገር የሚሄደው ዕቃ ግን ከድሬዳዋ ወዲያ በጭነት ከብት ይጓዝ ነበር። ከተማዋን ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ በስተምዕራብ ከዚራ ቀጥ ባሉ፣ ዛፍ በተተከለባቸው ጎዳናዎች ተቀየሰ፤ ከወንዙ ማዶ የመጋላ ሰፈር በገበያው ዙሪያ አደገ።

የግድግዳው ሥራ

ድንጋይ ለወፍራም ግድግዳ ይሆናል። ጡብ ደግሞ መጠኑ እኩል በመሆኑ ለማዕዘን፣ ለቅስትና ለመስኮት ዙሪያ ይመቻል። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት አዘግይቶ ያስገባል፤ በረንዳው ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትመታ ይከላከላል፤ ከፍ ያለው ኮርኒስ ሞቃት አየር ከሰው በላይ እንዲቆይ ያደርጋል፤ የእንጨት መስኮቱ ብርሃኑን ቀንሶ ነፋሱን ያሳልፋል። ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለች ሞቃት ከተማ እነዚህ ክፍሎች አንዱ ያለሌላው ሥራቸውን አይጨርሱም።

የጥበቃው ጥያቄ

በረንዳን በብሎኬት ዘግቶ ክፍል ማድረግ ጥላውንም ነፋሱንም ያጠፋል። በኖራ የተገነባን አሮጌ ጡብ በሲሚንቶ መለሰን እርጥበት መውጫ እንዲያጣ ያደርጋል፤ ጡቡም ውሎ አድሮ ይላጣል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ፈቃዱ ግን የቤቱን ፊት ብቻ ካየ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ተለክቶ በንድፍ ይመዝገብ፤ ጥገናው በኖራ ይሁን፤ በረንዳው ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ የጎዳናው ዛፍም የቤቱ አካል ተደርጎ ይጠበቅ። ነዋሪው ይህን ወጪ ብቻውን ሊሸከም አይችልምና ከተማው ከባለቤቶቹ ጋር ሊጋራው ይገባል።