ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል የአገራችን ሰው፡፡ ድል የሚገኘው ከኮርቻው በላይ ባለው ሰው እንጂ ከኮርቻው በታች ባለው እንስሳ አለመሆኑን ሲያስተምር ነው፡፡ በተረቱ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይቻላል፤ ፈረሰኛም ቢሆን ብቻውን አይዋጋም፡፡ መቶ ባለፈረሶች በአንድ ሜዳ ስለተገኙ ብቻ የፈረሰኛ ጦር አይሆኑም፡፡ አብሮ መጋለብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ አብሮ መዞርን፣ አብሮ ማፈግፈግን፣ የጎን ባልንጀራን ሳያደናቅፉ መሮጥን ይጠይቃል፡፡ ለመሆኑ ይህ ትምህርት በአገራችን የት፣ እንዴትና በማን ይሰጥ ነበር? ጥያቄውን ከመርጡለ ማርያም ተነሥተን እንከተለው፡፡

በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር የምትገኘው መርጡለ ማርያም የጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ናት፡፡ ትውፊቱ የቦታውን ታሪክ እስከ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል፡፡ ከታሪክ ጸሐፍት ብዕር የማይጠፋው ግን እቴጌ እሌኒ ያሳነጹት ዕጹብ ሕንፃ ነው፡፡ እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ ነበሩ፡፡ ሐድያ ደግሞ በፈረሰኛ ብዛት ስሟ የገነነ አገር ነበረች፤ በ14ኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው አል ዑመሪ የሐድያ ገዥ 40,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ መዝግቧል፡፡ እንግዲህ ያንን ቤተ ክርስቲያን በጎጃም ደጋ ላይ ያቆሙት እቴጌ ከፈረሰኞች አገር የተገኙ ናቸው ማለት ነው፡፡

እሌኒ ካረፉ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ አፄ ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሽምብራ ኩሬ ላይ ገጠሙ፡፡ የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንደሚለው የንጉሠ ነገሥቱ ፈረሰኛ 16,000፣ እግረኛው ከ200,000 በላይ ነበር፤ በኢማሙ በኩል የተሰለፈው ግን 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ብቻ ነው፡፡ መጽሐፉ የአሸናፊውን ክብር ለማጉላት የተጻፈ በመሆኑ ቁጥሩን እንዳለ መቀበል አይገባም፡፡ ሆኖም የንጉሡን ወገን በግማሽ፣ ከዚያም እንደገና በግማሽ ብንቀንሰው እንኳ የፈረስ ብልጫው ከንጉሡ ዘንድ ነበር፡፡ ድሉ ግን የኢማሙ ሆነ፡፡ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ከርእሰ ጉዳያችን ጋር ይገናኛል፡፡ የንጉሡ ሠራዊት ከየግዛቱ በየአለቃው ሥር ተጠራርቶ የመጣ ሲሆን፣ የኢማሙ ሰዎች በተደጋጋሚ ዘመቻ አብረው የተፈተኑ ነበሩ፡፡ ከዚያ ድል በኋላ በተከተሉት ዓመታት የእሌኒ ቤተ ክርስቲያን ተዘረፈ፤ ተቃጠለም፡፡ ሽምብራ ኩሬ ከመርጡለ ማርያም ሩቅ ናት፤ የሽንፈቱ እሳት ግን እዚያ ድረስ ደረሰ፡፡

በጥንቱ ሥርዓት የፈረሰኛው ፈረስ በአብዛኛው የራሱ የፈረሰኛው እንደነበረ ማስታወስ ያሻል፡፡ በቤተ መንግሥት ባልደራስ የሚባል የፈረስ ሹም ቢኖርም፣ የአገሩ ፈረስ ሁሉ በአንድ ጋጥ አያድርም፡፡ ባላገሩ ፈረሱን ከደጁ አስሮ፣ ገብሱን ከጎተራው ቆንጥሮ ያበላል፤ ክተት ሲታወጅ ስንቁን ይዞ በራሱ ፈረስ ይዘምታል፡፡ በሰውና በፈረስ መካከል ያለው ቁርኝት እስከ ስም ድረስ የዘለቀውም ስለዚህ ነው፡፡ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው፡፡ ይህ ሥርዓት ለባለቤቱ ኩራት ነበር፤ ለጦር አዝማቹ ግን ችግር ነበረበት፡፡ በየደጁ ለየብቻው ያደገ ፈረስ ከሌሎች ጋር መሰለፍን ከየት ይማራል?

መልሱ ጉግስ ነው፡፡ ጉግስን ብዙዎቻችን የበዓል ጨዋታ ብቻ አድርገን እናየዋለን፡፡ አጨዋወቱን ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን ትምህርት ቤት ነው፡፡ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፣ ተሳዳጁ ሳይቆም ወደ ኋላው ዞሮ በጋሻው ይመክታል፡፡ ከዚያ ተራው ይለወጣል፡፡ ይህን የሚጫወት ሰው ልጓሙን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሚዛኑን በጭኑና በእርካቡ ጠብቆ፣ ዓይኑን ከባላጋራውም ከባልንጀራውም ሳይነቅል መጋለብ ግድ ይለዋል፡፡ ፈረሱም ጩኸትን፣ አቧራንና የሌሎች ፈረሶችን ግፊያ ይለምዳል፡፡ ወቅቱም በማስተዋል የተመረጠ ነው፡፡ ጥር ሲገባ አዝመራው ተሰብስቦ፣ መሬቱ ደርቆ፣ ሜዳው ለጋላቢ ይከፈታል፤ ጥምቀትም ባለፈረሱን ሁሉ ያለ ጠሪ ይሰበስበዋል፡፡ መምህሩ ሽማግሌው፣ ደሞዙ እልልታው ነው፡፡

ፈረስ በጎጃም ከጦር መሣሪያም በላይ እንደነበር የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይመሰክራል፡፡ በ1763 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ግሽ ዓባይ ሲወርድ የዳሞቱ ገዥ ፋሲል አንድ ፈረስ ሰጠው፡፡ እንዳይቀመጥበት፣ ይልቁንም ኮርቻና ልጓሙ እንደተጫነ በፊቱ እያስነዳ እንዲሄድ አዘዘው፤ ያንን ፈረስ ያየ የሜጫ ሰው አይነካህም አለው፡፡ ሰው ያልተቀመጠበት ፈረስ የይለፍ ወረቀት ሆነ ማለት ነው፡፡

አሁን ወደ አዊ እንሻገር፡፡ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፡፡ ዘመኑን ልብ ይሏል፡፡ በማይጨው በ1928 ዓ.ም. አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ጀግንነትን በልጠው ታይተዋል፤ ጠላት ገና ከአገር አልወጣም፡፡ ፈረስ በጦር ሜዳ ዘመኑ ባለፈበት ሰዓት የፈረሰኞች ማኅበር ማቋቋም ለምን አስፈለገ? ማኅበሩ ራሱ የሚሰጠው መልስ መታሰቢያ ነው፤ በዓድዋ የዘመቱ አባቶችና ፈረሶቻቸው እንዳይረሱ ነው፡፡ ዓድዋ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት እንደተደረገ ሁሉ፣ ማኅበሩም ዓመታዊ በዓሉን በጥር 23፣ በጊዮርጊስ፣ በእንጅባራ ያከብራል፡፡ በዕለቱ ግልቢያው፣ ስግሪያውና ጉግሱ ይታያል፡፡ ማኅበሩ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይገልጻል፡፡

በእኔ አስተያየት ግን ማኅበሩ ከመታሰቢያም የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል፡፡ ክተት አዋጁ ሲቀር ባለፈረሱ የሚሰበሰብበት ምክንያት አብሮ ሊቀር ነበር፡፡ ማኅበሩ ንጉሥ ሳይጠራው፣ ጦር ሳይመጣበት የሚሰበሰብ የፈረሰኛ ጉባኤ አቆመ፡፡ ፈረሱ የየግል ሆኖ ቀረ፤ ትምህርቱ ግን የጋራ ሆነ፡፡ ሽምብራ ኩሬ ላይ የጎደለው ነገር ይህ አልነበረምን?

ዛሬ በጎጃም ከተሞች ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የፈረስን ቦታ እየወሰዱ ነው፡፡ ፈረሱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጋሪ ይጎትታል፣ ጭነት ይሸከማል፡፡ እየጠፋ ያለው ጋላቢው ነው፡፡ አንድ ጎልማሳ ፈረስ ሊገዛ ይችላል፤ በጥር ሜዳ ላይ ከሃያ ሰዎች ጋር ተሰልፎ መዞርን ግን ከገበያ አይገዛውም፡፡ ያንን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጊዜያቸውም አጭር ነው፡፡ አዊዎች ማኅበር ስላላቸው እውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገርበት ድልድይ አላቸው፡፡ ከጮቄ ወዲህ ባለው ጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢም፣ የሚያስፈልገው አዲስ ግኝት አይደለም፡፡ ጥቂት ባለፈረሶች፣ አንድ አዋቂ ሽማግሌ፣ ከአጨዳ በኋላ ባዶ የሚሆን አንድ ሜዳና የተቆረጠ ቀን ይበቃል፡፡ በጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ሕዝቡ መሰብሰቡ አይቀርም፤ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ልጆች ጉግስን እንዲማሩ ማድረግ የባለፈረሶች ፈንታ ነው፡፡

አባቶች ፉከራ የሚያበዛን ሰው «ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው» ይሉት ነበር፡፡ ስለ ዓድዋ ፈረሰኞች በየዓመቱ ለምንፎክር ለእኛም ቃሉ ይሠራል፡፡