በባዛርና በበዓል ዝግጅቶች ምግብ በጊዜያዊነት ለመሸጥ ስለሚያስፈልግ ፈቃድ

በባዛር፣ በኤግዚቢሽን ወይም በበዓል ዝግጅት ላይ ለጥቂት ቀናት ብቻ ምግብ የሚሸጥ ሰውም ከሕግ ውጭ አይደለም። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የጸና ፈቃድ ሳይኖር የንግድ ሥራ መሥራት የተከለከለ ነው፤ የምግብ ደኅንነት ደግሞ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይመራል።

አመልካቹ ዝግጅቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ በአካባቢው የሚገኙትን የንግድ ጽሕፈት ቤትና የጤና ተቆጣጣሪ አካል ሊጠይቅ ይገባል። ከአዘጋጁ ቦታ መከራየት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

አስቀድመው ሊሟሉ የሚገባቸው፦

• የሚሸጠው ምግብ ዓይነት፣ የሚዘጋጅበት ቦታና የሚጓጓዝበት ሁኔታ ዝርዝር፤
• የምግብ አዘጋጆችና አስተናጋጆች የጤና ምርመራ ማስረጃ፤
• በመሸጫው ድንኳን ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙና ያለው የእጅ መታጠቢያና ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፤
• ሥጋ የሚቀርብ ከሆነ በቄራ ተመርምሮ ማኅተም የተደረገበት መሆኑ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የምግቡ ቆይታ ነው። ማለዳ በቤት ተሠርቶ እስከ ማታ በድንኳን የሚቆይ ዶሮ ወጥ፣ ጣዕሙና ሽታው ሳይለወጥ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሊራቡበት ይችላሉ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ሳይቀዘቅዝ ወይም ሳይሞቅ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ቀዝቃዛውም ከ5 ዲግሪ በታች እንዲጠበቅ ይመክራል። ምግቡን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ማብሰል አንድ ጊዜ በብዛት ሠርቶ ከማቆየት ይመረጣል።

ከተመጋቢዎች መካከል ትውከት ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው መኖሩ ከታወቀ ሽያጩ ወዲያውኑ ሊቆም፣ የተረፈው ምግብ ሳይደፋ ለምርመራ ሊቆይና በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ ሊነገር ይገባል።