መሰላሉ የት ደረሰ? የወሎ መካከለኛ የጤና ባለሙያ ታሪክ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቦምብ ካረፈባቸው ስፍራዎች አንዱ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ነበር። ስለዚያ ቀን ሲወሳ የሚቀድመው ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ነው። ቁስለኛ ሲያነሡና ቁስል ሲያጥቡ የዋሉት ረዳቶች በፎቶግራፉ ውስጥ የሉም። በታሪክ መጻሕፍታችንም ውስጥ ብዙ ቦታ አላገኙም።

የሀገራችን የሕክምና ታሪክ በሐኪም ስም ይጻፋል እንጂ ሸክሙን የተሸከመው ሌላ ሰው ነው። ድሬሰር፣ ጤና ረዳት፣ የኅብረተሰብ ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እየተባለ ስሙ ሲለዋወጥ ኖሯል። መንግሥታቱም ስሙን ይለውጡ እንጂ ልማዳቸው አንድ ነው፤ መዓት ሲመጣ ይህን ሰው በጥድፊያ ያሠለጥኑታል፣ ወደ ላይ የሚያወጣ መሰላል እንዳለው ይነግሩታል፣ መዓቱ ሲረሳ መሰላሉን ያነሡበታል።

ይህን ለመረዳት ለጥቂት ጊዜ ከወሎ ወጥተን ወደ ጎንደር መሻገር ግድ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው ወባ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ፈጀ ይነገራል። በማግሥቱ፣ በ1954፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ ሐሳብ ለዘመኑ ደፋር ነበር፤ ሐኪም እስኪበዛ ከመጠበቅ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ግቢ እየተማሩ፣ በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይውጡ የሚል። ጤና መኮንኑ ሦስት ዓመት ተምሮና አንድ ዓመት ተለማምዶ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ይሆን ነበር። ደርግ ግን ኮሌጁን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ሲለውጠው የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ። እንደገና የተጀመረው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሐኪም ማፍራት መልካም ነው፤ ሐኪም ለማፍራት ሲባል ጤና መኮንኑን ማጥፋት ግን ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

የማኅበራዊ አገልግሎቱ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በሁለት ዓመት ዲፕሎማ ጀምሮ ወደ ዲግሪ አድጎ ሳለ በአብዮቱ ዋዜማና ማግሥት ተዘጋ። ሙያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ትምህርት ቤት ያገኘው በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት!

እነዚህ ሠላሳ ዓመታት የወሎ ክፉ ዓመታት መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተራበው ሕዝብ በዋናው አውራ ጎዳና ዳር ባሉት ከተሞች ተሰበሰበ፤ ደሴና ኮምቦልቻም በዚያው ጎዳና ላይ ናቸው። በመጠለያ የተሰበሰበን ርኃብተኛ የሚፈጀው የምግብ እጦት ብቻ አይደለም፤ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ተስቦ ናቸው። እነዚህን ለመከላከል ቀዶ ሐኪም አያስፈልግም። መጸዳጃ የሚያስቆፍር፣ ውኃ የሚያክም፣ ሕፃናትን የሚከትብ፣ ወላጅ አልባውን መዝግቦ ዘመድ የሚያፈላልግ ሰው ነው የሚያስፈልገው። በ1977 ዓ.ም. በኮረም ያ ሁሉ ሕዝብ ሲረግፍ የጤና መኮንኑ ሥልጠናም የሶሻል ወርኩም ትምህርት ቤት ዝግ ነበሩ።

ደርግ በበኩሉ ገበሬ ማኅበራት የመረጧቸውን የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች በአጭር ጊዜ እያሠለጠነ አሰማርቶ ነበር። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ ጋር የተስማማ ነው። ደመወዛቸው ግን ከማኅበሩ ይገኛል ተብሎ ስለ ታሰበ፣ ማኅበሩ ራሱ ሲደኸይ ወኪሉም ወደ እርሻው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የተሻለ ነገር የታየው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፣ በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ገዥው ፓርቲ በዚህ ሲመጻደቅ መኖሩ የታወቀ ቢሆንም፣ ሥራው ሥራ ነበርና ምስጋናውን መንፈግ አይገባም። በዚያው ዘመን የከባድ መኪና ሾፌር በሚያድርባት በኮምቦልቻና በመሰል የጎዳና ከተሞች ኤድስ ቤት ለቤት ሲገባ፣ በብዙ የሀገሪቱ ከተሞች የቀብር ዕድሮች የታመመን ወደ መጠየቅና ወደ ማስታመም ዞረዋል። ወሎዬ ዕድርን ቅሬ ይለዋል። በቅሬ የሚያስታምሙ እናቶች የሠሩት ሥራ በሌላ ሀገር ሙያ ተብሎ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ነው።

ይህን የምለው በዘፈቀደ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2001 የሁለት ዓመት የመሠረት ዲግሪ የሚሉትን ትምህርት ሲጀምሩ፣ በጤናና በማኅበራዊ እንክብካቤ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ሥራውን ሳይለቅ እንዲማር አመቻቹ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ትምህርቱ ሲቀረጽ ወደ ሙሉ ዲግሪ የሚያሻግረው መንገድ አብሮ እንዲወሰን ማድረጋቸው ነው። ለንደን ገብተው አረጋውያንን የሚጦሩ የሀገራችን ልጆች ይህን በር ያውቁታል።

በእኛ ዘንድ የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ መካከለኛ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ቴክኖሎጂውን ለኮምቦልቻ፣ ጤናውን ለደሴ አድርጎ ዲግሪ ይሰጣል። ሁለቱ የጤና ተቋማት በአንድ ከተማ ይኖራሉ። በመካከላቸው ግን የብቃት ምዘና፣ የመሥሪያ ቤት ይሁንታ፣ ኮታና ክፍያ ተደርድረዋል። ከገጠር ጤና ኬላ የምትመጣ እናት ይህን ሁሉ አልፋ ዲግሪ ከደረሰች የራሷ ጀግንነት ነው እንጂ ሥርዓቱ አድርሷት አይደለም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የደሴ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን በተፈናቀሉ ወገኖች ሞሉ። በጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ሲያስታውቅ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ተገኘ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ ዲሴምበር 6 ነው፤ ኢጣሊያ ደሴን የደበደበችበት ያው ቀን። አልጋና መሣሪያ በእርዳታ ተተካ። መሣሪያው እስኪተካ በባዶ እጁ ያከመው ባለሙያ ግን በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ ያሉ ጓዶቹ የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ ያገኘው ምላሽ ማስጠንቀቂያና እስር ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀላል ጥያቄ ለጤና ሚኒስቴርና ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ እናቅርብ። በ1995 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ በደቡብ ወሎ ጤና ኬላዎች ከተመደቡት ሴቶች መካከል ዲግሪ የደረሱት ስንት ናቸው? ሙያውን ጥለው ወደ ዓረብ ሀገር የሄዱትስ? ቁጥሩን በየወረዳው ለይታችሁ አውጡልን።