አራዳ ሲመሽ

ፒያሳ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። የኛዋ ፒያሳ ግን አንድ አደባባይ አይደለችም። ከጊዮርጊስና ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተነሥተው ወደ ደጎል ሲሄዱ፣ ከዚያም ወደ ሠራተኛ ሰፈርና ወደ ውቤ በረሃ ሲታጠፉ የሚያገኙት ሁሉ፣ ወርቅ ቤቱም ሲኒማውም ኬክ ቤቱም፣ በዚሁ ስም ይጠራል። ነባሩ ሰው ደግሞ አራዳ ይለዋል። ሁለቱ ስሞች ተቻችለው የሚኖሩ ባላጋራዎች ናቸው።

አራዳ አስቀድሞ የገበያ ስም ነበር። በምኒልክ ዘመን እህሉም ማሩም በቅሎውም የሚወጣው እዚህ ነው። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች በዙሪያው ሱቅ ከፈቱ። ወንጀለኛም የሚሰቀለው እዚያው ገበያተኛው ፊት ነበር። እንግዲህ አገር ምድሩ የሚገናኝበት ቦታ የዋለ ሰው ወሬው አያመልጠውም፤ በቀላሉም አይታለልም። «አራዳ» የሚለው ቃል ከቦታ ስምነት አልፎ የንቁ ሰው መጠሪያ፣ የ«ፋራ» ተቃራኒ መሆኑ መቼም አያስገርምም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዘውዱ በዓል ዋዜማ፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የተመረቀውን የምኒልክ ሐውልት ነቅሎ ቀበረው። ገበያውንም ወደ ምዕራብ አዛውሮ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ገበያ፣ አለው። አራዳ ለነጩ ተከለለ። ሕጉ ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያም በመዝናኛም የሚለይ ነበርና ፒያሳ በዚህ ስሟ የተወለደችው ባለቤቱን ከደጅ አስወጥታ ነው። ዛሬ ስለ ጣልያን ዘመን ሰገነቶች ውበት ስናወራ ይህን የምንዘልለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ሐውልቱ ተቆፍሮ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ገበያው ግን መርካቶ ቀረ፣ ስሙም ፒያሳ እንደተባለ ቀረ። የአገሬው ሰው ስሙን ከመፋቅ ይልቅ ወንበሩን ስቦ መቀመጥን የመረጠ ይመስላል። ከገዛ አገሩ የወጣውን ቡና «ማኪያቶ» በሚል በባዕድ ስም እያዘዘ፣ «ወተት ይብዛበት፣ ይጥቆር» እያለ እንደ ልቡ አሠራው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካም ስሙ ከጣልያንኛ ቃላት የተሰፋ ነው፤ ስኒውን እንደ ቆመ ጨልጦ፣ ሁለት ነገር ተጨቃጭቆ የሚወጣው ደንበኛ ግን የአዲስ አበባ ሰው ነው።

ይህ የቀኑ ነው። የሌቱ ውቤ በረሃ ነበር። ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የወረሰው ይህ ሰፈር በ1950ዎቹ ዓ.ም. ባለሥልጣኑና ተማሪው፣ ወታደሩና ደራሲው ትከሻ ለትከሻ የሚጋፉበት የመጠጥና የዳንስ መንደር ነበር። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የቡና ቤት ሴቶቹን ሕይወት ሳይሸፋፍን ጽፎታል። ውቤ በረሃን በናፍቆት ብቻ የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ናፍቆቱ የጠጪው ነው፤ ቀጂዋን የጠየቃት የለም።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣኑን ሲይዝ ሰዓት እላፊ መጣ። ሌሊት የሌለው ከተማ ምን ይመስላል? ቤቱ መግባት የፈለገ በጊዜ ይሮጣል፤ መጨፈር የፈለገ እስኪነጋ በር ተቆልፎበት ይጨፍራል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ሲመለስ አዝማሪ ቤቱም ጃዙም ተመለሱ። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴልን እሳት ሲነካው ጃዝ አምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ነደደ። ያን ጊዜ የተቆጨው ሰው ብዙ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የሆነው ግን ከእሳትም የሰፋ ነው። በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በመጋቢት የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን አፈረሰ። ጥሬ ሥጋውን፣ ቢራውን፣ ጠባቡን መተላለፊያ ያወቀ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰማይ ብቻ አገኘ። ቤቶቹ ያረጁና የተጨናነቁ መሆናቸውን፣ ብዙዎቹም ለኑሮ የማይመቹ እንደነበሩ የሚክድ የለም። ከወራሪ ሥራ ጋር ማመሳሰሉም ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ሌሊት በመብራት ብቻ አይሠራም። ሥጋ ቆራጩ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ በዱቤ የሚቀዳው ባለ ቡና ቤት፣ አምሽቶ በእግሩ ቤቱ የሚገባው ደንበኛ፣ እነዚህ በአንድ ቀበሌ ቤት አጥር ሥር ተጠጋግተው የኖሩ ናቸው። ወደ ከተማዋ ዳርቻ የተዛወረ ሰው ለአንድ ቢራ ሁለት ታክሲ ይዞ አይመጣም።

ዛሬ አመሻሽ ላይ የሚሄድ ሰው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ደማቅ መብራትና ፎቶ የሚነሡ ወጣቶች ያገኛል። ልጆች ይሮጣሉ፤ ቀድሞ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ አልነበረም። የታክሲ ረዳቱም እንደ ወትሮው «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ይጣራል። ወራጁ ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ ጀምሯል።